ብቻችሁን አትጻፉ

ከሥራ ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አገኘኋት። ስልኳ ደረቷ ላይ ተደፍቷል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነገሩን ደመደምኩት፤ ሰው ሞቷል።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ማን ምን?»

«የሞተው ነዋ!»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ማንም አልጻፈም።»

እፎይ ብዬ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ግን ፊቷን አየሁትና ተመልሼ ተነሣሁ።

ልጄ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሸጣለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የፍልስፍና ብሎግ ትጽፋለች። መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን ዓይኗ እንደሚጠፋ፣ አንዱ ነገረኛ እንደሚጠምዳት፣ ብዙ ማሰብም ራስ ምታት እንደሚያመጣ አንድ በአንድ አስረድቻት ነበር። በኋላ እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ግማሹ ይገባኛል። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ እንዳታውቅብኝ «ጥሩ ነው፤ ስትጽፊው ግን በልተሽ ነበር?» እላታለሁ።

በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ላይ አንባቢዎቿን ጋብዛ ነበር። ስልኩን አንሥታ አሳየችኝ። «ውድ አንባብያን፣ እስከ ዛሬ እኔ ጻፍኩ፣ እናንተ አነበባችሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ስለ ህልውና፣ ስለ ነጻ ፈቃድና ስለ ሥነ ምግባር ያላችሁን ሐሳብ በአጭር ጽሑፍ ላኩልኝ» ይላል። ሥሩ በቀይ ልብ ተሞልቷል።

«ይኸው ስንቱ ወዶልሻል!»

«መውደድማ በአውራ ጣት ነው። የጻፈ አለ ወይ? የለም። እስከ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው ካልጻፈ እዘጋዋለሁ። ለራሴ ማውራት ሰለቸኝ።»

ሌላ እናት ብትሆን «ተይ እንጂ፣ ይጽፉልሻል» ብላ ወደ ማድቤት ትሄድ ይሆናል። እኔ ልጄን አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት ሳለች መረብ ኳስ ትጫወት ነበር። አንድ ውድድር ላይ ሳያሰልፏት ቀሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጫማውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ኳስ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። በቴሌቪዥን እንኳ ሲመጣ ጣቢያ ትቀይራለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ድምፅ የሚሰማው ስለምትጽፈው ነገር ስታወራኝ ብቻ ነው። ከዘጋችው ይህ ቤት ምን እንደሚመስል ታየኝ። እሷ እዚያ ሶፋ ላይ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ፣ መሀላችን የግድግዳው ሰዓት።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። በማግስቱ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ከእቴቴ ጋር አንሶላ ማጠፍ ጀመርን። እቴቴ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በምላስም እንደዚያው። በእኛ ክፍል ማጠቢያዎቹና ማድረቂያዎቹ ስለሚያጓሩ ከሩቅ ሆኖ ማውራት አይቻልም። አንሶላ ደግሞ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው። እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ እንይዛለን፤ እናራግፋለን፤ ለሁለት እናጥፋለን፤ ከዚያ ጫፍ ለማቀበል እንቀራረባለን። ወሬያችን ያኔ ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንዷ የምትለውን ትላለች፣ ከዚያ እንለያያለን፤ ሌላዋ መልሷን የምትሰጠው በሚቀጥለው አንሶላ ነው። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ የሚንዛዛ ወሬ የሌለው። የማይረባ መልስም ጥቂት ነው፤ ለማሰብ አንድ ሙሉ አንሶላ ጊዜ አለሻ።

«ፊትሽን ምን አጠቆረው?» አለችኝ ስንገናኝ።

በሚቀጥለው አንሶላ «ልጄ ብሎጓን ልትዘጋ ነው» አልኳት።

«ደግ አደረገች! ዓይኗ ሊጠፋ ነው እያልሽ ጆሮዬን ስታደነቁሪው የከረምሽ አንቺ አይደለሽ?»

«ከተዘጋ ደግሞ ልቧ ይጠፋል።»

«ወይ አንቺ! ቢከፈት ትፈሪያለሽ፣ ቢዘጋ ትፈሪያለሽ። በር ሆነሽ መፈጠር ነበረብሽ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። አንሶላው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ስለምን ጻፉልኝ ነው የምትለው?» አለች ተመልሳ ስትመጣ።

«ስለ ህልውና።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«መኖር ማለት ነው።»

«መኖር ምን ይጻፍበታል? ይኸው እየኖርን አይደለም እንዴ!» ብላ አንሶላዋን አራገፈችው። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ነገሩን መልሳ አነሣችው። «ለምሳሌ ምን ብለን ብንጽፍ ይሆናታል?»

አንሶላውን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ወደ ፊት ስመጣ፣ አንድ ነገር አፌ ላይ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ምናልባት ከቆየ ቦታ ነው የመጣው።

«ለምሳሌ፣ በፍርሃት ምክንያት ጥሩ የሆነ ሰው፣ ጥሩ ነው ሊባል ይችላል?»

እቴቴ ጫፉን ተቀብላኝ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ሌላ ሆኗል።

«አይባልም!»

«ለምን?»

«ፍርሃቱ ሲለቀው ይሰርቃላ!»

«የእኔ ፍርሃት ግን ለቆኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው ጥሩ መሆንሽን አንቺ ራስሽ አታውቂም!»

ይቺኛዋ ወጋችኝ። በሚቀጥለው አንሶላ ደረስኩባት። «አንቺስ? ፈርተሽ ስለማታውቂ ነው ጥሩ መሆንሽን ያወቅሽው?»

ትልቁን ካውያ የሚሠሩት ሰውዬ፣ እኛ ጋሼ ካውያ የምንላቸው፣ ከእንፋሎቱ መሀል ብቅ አሉ። ስለ ማሽን ጥገና ስንጠይቃቸው ጆሯቸው አይሰማም፤ ወሬ ሲሆን ግን ከማዶ ሕንፃ ይሰማሉ።

«እኔ ውሻ አለኝ» አሉ። «ሥጋውን የማይነካው እኔን ፈርቶ ነው። ታዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ጥሩ ውሻ ነው እላለሁ። ዋሸሁ?»

«ውሻ ሌላ ነው፣ ጋሼ!» አለች እቴቴ።

«በምን ሌላ ነው?»

«ውሻ ጥሩ ልሁን ብሎ አያስብማ!»

«እሷስ ታስባለች?» አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እያሳዩ። «እሷ የምታስበው ጣሪያው እንዳይወድቅባት ነው!»

ከማጠቢያዎቹ በኩል የነበሩትም መጡ። አንዷ ከውሻው ጋር ቆመች፣ ሌላዋ ከእቴቴ ጋር። ያልታጠፈው አንሶላ እየተከመረ ሲሄድ አየሁት፤ ግን ማን ጎትቶ ይለያየን? በመጨረሻ አለቃችን በሩን ከፍታ ገባች። ከሥራ ተባረርን፣ ለልጄ ምን እላታለሁ፣ ዕቃዬን በምን እወስዳለሁ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?»

እቴቴ ሳትፈራ ጥያቄውን ደገመችላት። አለቃችን ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። «ጥሩ ነው እንጂ» አለች። «ከየትም ይምጣ፤ ዋናው ማድረጉ ነው። እናንተ እኔን ፈርታችሁም ቢሆን አንሶላው ንጹሕ ከሆነ በሽተኛው ንጹሕ አንሶላ ላይ ተኛ።» ከዚያ ክምሩን አየችውና «አሁን ግን ፍሩኝ!» ብላ ወጣች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሻይ ሰዓት ላይ እቴቴ ስልኳን አወጣች።

«በይ እንጻፍላት።»

«ማ? እኔና አንቺ?»

«ታዲያ ብቻዬን ልጻፍ? አንሶላ ብቻውን ያጠፈ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስልኩን እየተቀባበልን ጻፍን። እሷ አንድ መስመር፣ እኔ አንድ መስመር፣ ልክ እንዳወራነው። ጋሼ ካውያ ውሻቸው ካልገባ ብለው ስላስቸገሩ ውሻውንም አስገባነው። መጨረሻው ላይ «ከሁለት አንሶላ አጣፊዎች» አልን። እቴቴ መላኪያውን ልትነካ ስትል እጇን ያዝኩት።

«ቆይ! ቢያሳፍራትስ? እናቷ ናት አዝና የጻፈችላት ቢሏትስ? ለሌላ ሰው ቢሄድስ?»

«ሂድ!» ብላ ነካችው፤ ለስልኩ ነው ያለችው።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስልኳ በእጇ ነው።

«እማዬ፣ አዝነሽልኝ ነው?»

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። «አይደለም» አልኳት። «አዝኜልሽ ነበር የጀመርኩት። በኋላ ግን እቴቴ አናደደችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ጥሩ መሆንሽን አንቺ ራስሽ አታውቂም አለችኛ! ይኸው እስካሁን እየመለስኩላት ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጥሩ መልስ መጣልኝ፤ ልንገርሽ?»

ልጄ ፊቷን ለማኮሳተር ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሶፋው ላይ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። «ይሄ እኔ ካልኩት ጋር አይሄድም» አለች። «ጸሐፊው ሁለት ነው። መደምደሚያ የለውም። ተስማምታችሁ እንኳ አልጨረሳችሁትም።»

«ስላልተስማማን ነዋ!»

ተነሥታ እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። ልጅ ሳለች አዲስ ጫማ ሲገዛላት እንደዚያ ነበር የምትሄደው፤ ተረከዟ መሬት አይነካም።

«እማዬ፣ እኔ ስጽፍ ማን ነው ‹አይደለም› የሚለኝ?»

«እኔ እልሽ የለ እንዴ፣ ብሉኮ ልበሺ፣ አታምሺ…»

«እሱን ሳይሆን! አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር ተነሥቶ አይደለም የሚለኝ ማን አለ? ማንም። እናንተ ግን በየመስመሩ ትናደዳላችሁ። ሳነበው እኔም መሀል መግባት አማረኝ። ፋርማሲ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ለእቴቴ መልስ እያሰብኩ ነበር!»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ መጻፍ ጀመረች። የድሮውን ግብዣ አነሣችው። አዲሱን ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«ብቻችሁን አትጻፉ። ከማትስማሙት ሰው ጋር ሆናችሁ ጻፉ። አንድ መስመር እናንተ፣ አንድ መስመር እሱ። ጥያቄው ከቤት፣ ከሥራ፣ ከመንገድ ይሁን። መስማማት ግዴታ አይደለም። ረጅም አይሁን፤ አንድ ክምር አንሶላ እስኪታጠፍ የሚያልቅ ይሁን። ምሳሌው ከታች አለ።»

«ቢጣሉስ?» አልኳት። «አንቺ ባመጣሽው ጣጣ ባልና ሚስት ቢፋቱስ? ወንድምና ወንድም ቢደባደቡስ?»

ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ብዕር እንደያዘ ሰው ጣቷን አንሥታ አሰበችና አንድ መስመር ጨመረች፦ «ስትጽፉ ከተጣላችሁ መጀመሪያ ታረቁ፤ ጽሑፉ ይደርሳል።»

ከዚያ የእኛን ጽሑፍ ከነውሻው ከሥሩ አስገብታ ለቀቀችው። «ይሄ ግን አይቆጠርም» አለችኝ ወዲያው። «የእናት ጽሑፍ ነው። እስከ ቅዳሜ የማላውቀው ሰው ካልጻፈ ያው ነው፤ እዘጋዋለሁ።»

ዓርብ ምንም አልመጣም። ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ግን ያልጠየቀኝ አልነበረም። ጋሼ ካውያ በየሰዓቱ «ውሻዬን ስንት ሰው አየው?» ይሉኛል። ያየው ብዙ ነው፤ የጻፈ የለም። እቴቴ «ነገም ቀን ነው» ስትለኝ እኔ ነገ የሚሆነውን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። ማን መጀመሪያ ዝም እንደሚል፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሰማ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። ቤት ስደርስ ልጄ ልብስ አጥባ ደጅ አስጥታለች፤ ስልኳ መስኮቱ ላይ ነው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጮኸ። ሁለታችንም ሮጥን፤ በሩ ላይ ተጋጨን።

ራሱን «ኮምጣጤ» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። የጻፈው ጽሑፍ ሳይሆን ስድብ ነው። «ፍልስፍና ሥርዓት ያለው አስተሳሰብ ነው። ይሄ የማጠቢያ ቤት ወሬ ነው» ይላል።

ደሜ ፈላ። «አጥፊው! ይሄን ባለጌ አጥፊው!»

ልጄ ግን አንገቷን አዘንብላ አየችው። እኔ የማውቀው ያ የመረብ ኳሱ ፊቷ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ በራ።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ‹አይደለም› አለ!»

«ሰማሁት እኮ! ለዚህ ነው አጥፊው የምልሽ!»

«ሁለተኛው ሰው ማለት ነው! የማይስማማው ሰው ራሱ መጣልኝ!» ብላ መጻፍ ጀመረች። «ወሬና አስተሳሰብ የሚለያዩት የት ላይ ነው? አንተ አንድ መስመር ጻፍ፣ እኔ እመልሳለሁ። ሲያልቅ አብረን እናወጣዋለን።»

«ተይው፣ ቤታችንን ያገኘዋል!» አልኳት። መጋረጃውን ሳብኩት። ቁልፉንም አየሁ።

መልስ የለም። ልብሱ ደርቆ ነበርና አንሶላውን ከገመዱ አውርደን ልናጥፍ ገባን። ልጄ አንሶላ ስታጥፍ እንደ እኔ አይደለችም፤ ጫፉ አይገጥምላትም። አራገፍን፣ ለሁለት አጠፍን፣ ስንገናኝ ስልኩ ጮኸ። እሷ ጫፉን ጥላልኝ ሮጠች፤ አንሶላው ጭንቅላቴ ላይ ወደቀ።

«ወሬ ስለ ሰው ነው፤ አስተሳሰብ ስለ ጥያቄ ነው» ብላ ከአንሶላው ውጭ አነበበችልኝ። «ጥሩ ነው! ጥሩ መስመር ነው! ምን ልበለው?»

ከአንሶላው ወጥቼ «ጥያቄ ያለ ሰው ከየት ይመጣል በይው» አልኳት።

«ደካማ ነው፣ እማዬ። በአንድ ምት ይጥለዋል።»

«እንዲህ ነው እናት የምትናገረው?»

«አሁን እናቴ አይደለሽም፤ ቡድኔ ነሽ! ያዢ።» ጫፉን መልሳ ሰጠችኝ። ሄድን፣ መጣን። ሁለተኛው አንሶላ ላይ አገኘችው። «እነዚህ ሴቶች ማንንም አላሙም። በፍርሃት የመጣ ጥሩነት ጥሩነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አንተ ራስህ ባመጣኸው መለኪያ ይሄ አስተሳሰብ ነው!» ጻፈችው፤ ላከችው፤ ጭብጨባዋን መቆጣጠር አልቻለችም።

እሱም መለሰ። እሷም መለሰች። አንሶላው አልቆ ፎጣ ጀመርን፤ ፎጣ በሁለት ሰው አይታጠፍም፣ ግን አጠፍን። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። አንድ ጊዜ ሰውየው ረጅም ዝም አለ። ደጅ ጥላው ወደ ግድግዳው ወጣ። ልጄ ጥፍሯን መንከስ ጀመረች። እኔ ደግሞ ቤታችንን ያገኘዋል ብዬ የፈራሁትን ያንኑ ሰው «አንተ ሰውዬ፣ እባክህን ጻፍ» ብዬ በውስጤ ስለምነው ራሴን አገኘሁት።

ጮኸ።

«መለኪያዬን ላሻሽለው ነው፤ ቆይ» ይላል።

ልጄ ሶፋው ላይ ዘላ ወጣች። በጫማዋ! እኔም ሳልቆጣት ቀረሁ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ የመጨረሻውን ላከ። «ተሸነፍኩ አላልኩም። ግን አውጪው። ከሁለታችን ብለሽ አውጪው።»

አወጣችው። የማታውቀው ሰው፣ ቅዳሜ፣ ከመምሸቱ በፊት። ለእቴቴ ደወልኩላትና ተቆራርጦ በሚወጣ ድምፅ ነገርኳት። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። እኔን መምሰል ጀምራለች።

ከዚያ ግብዣውን ሰው እየተቀባበለው መሰለኝ። አንድ ሾፌርና ረዳቱ፣ የገባህለት ሰው ራሱ የረሳው ቃል ኪዳን ያስራል ወይ ብለው ተከራክረው ላኩ። አንዲት ሴት ከአማቷ ጋር፣ ለልጅ ስም ማውጣት የማን ድርሻ ነው ብለው። ከጽሑፋቸው ግርጌ «ታርቀናል» የሚል ተጨምሮበታል። አንድ ሰው ደግሞ ብቻውን ጻፈ፦ «የማይስማማኝ ሰው አጣሁ። አለቃ ነኝ፤ ሁሉም እሺ ይለኛል።» ልጄ ወዲያው «እኔ አልስማማም» ብላ መለሰችለት። በምን እንደማትስማማ ገና አላወቀችም፤ ግን አለመስማማቱ አስደስቷታል።

እኔ ደግሞ አዲስ ነገር መፍራት ጀመርኩ። ይሄን ሁሉ ማን ያነበዋል? ከሥራ መልስ ትችለዋለች? ዓይኗስ?

«እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። ልነግራት ያልኩትን ሁሉ ከፊቴ አንብባዋለች። «የእኛስ? ሁለታችን መቼ ነው የምንጽፈው?»

«እኔና አንቺማ በምን አንስማማም?»

«አሁን ታያለሽ» ብላ ጻፈችና ስልኩን አቀበለችኝ። አንድ መስመር ነው። «እናቴ ስለ እኔ የምትፈራው ስለምትወደኝ ነው።»

አየሁት። ደግ መስመር ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን አልቅሼ አቅፌያት ያልቅ ነበር። ግን ያ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የጠየቅሁት ጥያቄ አሁንም አብሮኝ አለ፤ አንሶላውንም ስናጥፍ አብሮኝ ነበር። ቀስ እያልኩ፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለግሁ ጻፍኩ።

«አይደለም። የምፈራው ስለለመደብኝ ነው። የምወድሽ ሳልፈራም ጭምር ነው፤ ለምሳሌ አሁን።»

ልጄ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ማስረጃ የለውም» አለችኝ፤ ስልኩንም ተቀብላኝ ተራዋን መጻፍ ጀመረች።